የአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት

ትልቅ ወንድሟ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ከሚስቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማችው። የውሃው ድምፅ የሚከልለው መስሎት ነበር፤ ውሃ ግን ሰውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ያደርገዋል እንጂ አይከልለውም። “ሰውየውማ አለ” አለ፤ “አለ ከተባለ። ጥግ ላይ የተረሳ ዣንጥላ በይው። ሱሪ የታጠቀችውስ እህቴ ናት።” ከዚያም ሳቀ። ጥርሱ ከተነቀለ ወዲህ ሳቁ አየር እንደሚያስወጣ ጎማ ሆኗል። እሷ ሁለት ብርጭቆ ይዛ የኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር። ባሏ ደግሞ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ተራ ይጠብቃል። ኮሪደሩ ከሦስት እርምጃ አይበልጥም፤ እሷ የሰማችውን እሱ የማይሰማበት ምክንያት አልነበረም። ዐይን ለዐይን ተጋጩ። ውሃው ለሁላችን ይበቃናል ወይ ብሎ ጠየቃት። ይበቃል አለችው።

ዕለቱ አሥራ አራተኛው ቀን ነበር። በዚህ ቤት ቀን የሚቆጠረው ከመርፌ እስከ መርፌ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ከባሏ ራስ ቅል ሥር የአተር ፍሬ የምታክል እባጭ በቀዶ ሕክምና ስትወጣ፣ ሰውነቱን የምታዘው ትንሿ ዕጢ አብራ ተጎዳች፤ ከዚያ ወዲህ ራሱ የማያመርተውን የወንድ ሆርሞን፣ ሐኪሞቹ ቴስቶስቴሮን የሚሉትን፣ በየአሥራ አራት ቀኑ በመርፌ ይወስዳል። የምትወጋው እሷ ናት። ያስተማረቻት የክሊኒኩ ነርስ ነበረች፤ መድኃኒቱ እንደ ዘይት ወፍራም ስለሆነ መጀመሪያ አምፑሉን በመዳፍ ማሞቅ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መግፋት፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ። ስትወጋው መኝታ ቤቱን ትቆልፋለች፤ ሬዲዮም ትከፍታለች፤ ቤት ውስጥ ሰው ባይኖርም ትከፍታለች። ልጃቸው እንኳ አግብታ ወደ ሌላ ከተማ እስክትሄድ ድረስ የአባቷ መርፌ የቫይታሚን እንደሆነ ነበር የምታውቀው።

መድኃኒቱ በገባ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ባሏ ያፏጫል፤ ያልተጠየቀውን የበር ማጠፊያ ይጠግናል። ወደ አሥራ ሁለተኛው ቀን ሲጠጋ ደግሞ ድምፁ ይቀንሳል፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያንቀላፋል፣ ዜና ሲያይ ዐይኑ እንባ ያቀርራል። ደሙ መመርመር ያለበትም ያኔ ታች ሲደርስ ነው፤ በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት፣ አዲሱ መርፌ ከመወጋቱ በፊት። ዶክተሯ ይህን ያስረዳቻቸው በውሃ በርሜል ነበር። በርሜላችሁን በሞላችሁ ማግስት ብታዩት ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ይበቃችሁ አይበቃችሁ የሚታወቀው እንደገና ከመሞላቱ በፊት ከፍታችሁ ስታዩት ነው ብላቸዋለች። ለመረዳት የሚያስቸግር ነገር አልነበረውም። እሷም ተረድታዋለች።

ከሦስት ወር በፊት ወንድሟ ጥርሱን ሊያስነቅል መጥቶ እነሱ ዘንድ ሲያርፍ ግን ቀኑ አሥራ ሁለተኛው ነበር። ባሏ እራት ላይ ሹካውን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። ወንድሟ እሱን አየ፣ እሷን አየ፣ ቅንድቡን ከፍ አደረገና ወደ ሳህኑ ተመለሰ። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ቢናገር ይሻላት ነበር። ይህ ወንድሟ እሷ ስታገባ “ሰውየው ዝምተኛ ነው፣ ዝምተኛ ወንድ ደግሞ ወይ ሊቅ ነው ወይ ባዶ ነው” ያለ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትኛው እንደሆነ እንዲያይላት ስትጥር ኖራለች። እራት ከተነሣ በኋላ ባሏን ቀስቅሳ መኝታ ቤት አስገባችው፤ በሩን ቆለፈች፣ ሬዲዮውን ከፈተች፣ አምፑሉን በመዳፏ አሞቀች። ቀኑ ደርሷል አለችው። እሱም ምንም ሳይል ተኛላት።

በማግስቱ ሰው ሆኖ ዋለ። ባሏ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው። ሊፋቱ ጠበቃቸው ዘንድ ሲሄዱ፣ ከጠበቃው ጋር በአምስተኛና በስድስተኛ ፎቅ መካከል ሊፍት ውስጥ ሁለት ሰዓት የተቀረቀሩትን ባልና ሚስት ታሪክ ለወንድሟ አወራለት። እሱ በሩን ፈልቅቆ ሲያወጣቸው ባልና ሚስቱ ታርቀዋል፤ ከሁለቱም ጋር የተኳረፈው ጠበቃው ነው። ወንድሟ ያበጠ ጉንጩን ይዞ እስኪያመው ሳቀ። እሷ ሳህን እያጠበች ፈጣሪዋን አመሰገነች። ከዚያ አሥራ አራተኛው ቀን መጣና ወደ ክሊኒኩ ሄዱ፤ ወንድሟ ጥርስ ሐኪሙ እዚያው ሰፈር ስለነበር አብሯቸው መጥቶ ከጎናቸው ቆመ። ደም የምትቀዳዋ ነርስ የመጨረሻው መርፌ መቼ እንደተወጋ ጠየቀች። ከትናንት በስቲያ ብትል ይመልሷቸዋል፤ ሦስት ወር የተጠበቀው የዶክተሯ ቀጠሮ ይባክናል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የምን መርፌ፣ ለምንስ ቀኑ ተሳበ የሚለውን ወንድሟ ፊት መመለስ አለባት። ልክ ሁለት ሳምንቱ ነው አለች። ባሏ የሸሚዙን እጅጌ እየጠቀለለ ነበር።

የደሙ ውጤት ከመጨረሻው ልክ በላይ ሆኖ መጣ። ዶክተሯ መድኃኒቱን በግማሽ ቀነሰችው፤ መዝገቡም ላይ ሆርሞኑ ከበቂ በላይ ስለሆነ ድካሙ ሌላ ምክንያት እንዳለው ጻፈች። ባሏ ለሦስት ወር ያንን ጽሑፍ ተሸክሞ ኖረ። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ቀጥሎ የመሣሪያ ሣጥኑን የሥራ ጓደኞቹ ይሸከሙለት ጀመር። ሁልጊዜ ሕንፃ ጣራ ላይ ሞተር ክፍል ውስጥ ስለሚገኝ “ላይኛው” ይሉት የነበሩት ጓደኞቹ፣ ስልክ ለማንሣት ጠረጴዛ ሲሰጠው “ምድር ቤት” አሉት። ሲሉት አብሯቸው ይስቅ እንደነበር ነግሯታል። አሁን ድርጅቱ የሐኪም ደብዳቤ ጠይቋል፤ ነገ ካላመጣ ለሥራው ብቁ አይደለም ተብሎ ይሰናበታል። እሷ በነዚህ ሦስት ወራት ውስጥ ስንት ጊዜ ልትናገር አፏን እንደከፈተች አታውቀውም። ውሸት ሲያድር እንደ ዳቦ አይደርቅም፤ እንደ ሊጥ ይነሣል። መጀመሪያ ሳምንት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃት ነበር፤ በሁለተኛው ወር ለምን እስከዛሬ ዝም እንዳለችም መጨመር አለባት፤ በሦስተኛው ወር ባሏ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያርፍበትን ጊዜ ሁሉ መቁጠር ሊኖርባት ነው።

ወንድሟ ዛሬም የመጣው ለዚያው አፉ ነው፤ ድዱ ስለደረቀ አዲሱን ጥርስ ሊያስገጥም። ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል፤ ቁርስ ሲበላ ማንም እንዳያየው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ቤተሰቡም ሳይነገረው ወደ ሌላ ያያል። እህቱ ቂጣውን ወተት ውስጥ አርሳ አቀረበችለት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለውን እንደሰማች ልትነግረው ትችል ነበር። ግን በባሏ ቀድማ ያፈረችው ማን ሆነና ነው?

ክሊኒኩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲከፈት አራተኛ ነበሩ። የመቆያ ክፍሉ ወንበሮች አንድ ላይ በብረት የተበየዱ ስለሆኑ አንዱ ሲነሣ ሁሉም ይወዛወዛል። ለምርመራው የሚከፈለው የሳምንት አስቤዛቸውን ያክላል፤ ባሏ ደረሰኙን ሁልጊዜ በአራት አጥፎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ነርሷ ስትጠይቅ እሷ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ መለሰች፤ ዛሬ አሥራ አራተኛው ቀን ነው፣ የዛሬው መርፌ ገና አልተወጋም። ነርሷ እንደ ጎበዝ ተማሪ አመስግናት ደሙን ቀዳች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሯ ዘንድ ግቡ፤ መጠኑ ሊለወጥ ስለሚችል እስከዚያ እንዳትወጉ ተባሉ። በሩ ላይ ተለያዩ። እሱ ስልኩን ሊያነሣ ወደ ድርጅቱ ሄደ፤ እሷ ወደ ሥራዋ። ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው። ሦስት ደረጃ ወርዶ የብረት መደገፊያውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሰው የሚጠብቅ እንዲመስል የእጅ ሰዓቱን ያያል።

የምትሠራው መጋረጃ ቤት ነው፤ ቆራጭ ናት። ሱቁ ጠባብ ሲሆን ጓዳው ግን ረጅም ነው፤ ጨርቆቹ በዚያ ከጣራ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ተሰቅለው ይደርቃሉ። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ የጥጥ ጨርቅ ሳይነከርና ሳይደርቅ አይለካም። አዲስ ጨርቅ ከጥቅሉ ሲወርድ የሚያሳየው ርዝመት የራሱ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ነው እውነተኛ ልኩ ላይ የሚረጋው። ባለሱቋ ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ሠራተኞቹ “እትዬ ሜትር” ይሏታል፤ ፊቷም ላይ ይሏታል። ዛሬ ረፋድ ላይ አንዲት ደንበኛ መጥታ ጨርቁ ሳይነከር አሁኑኑ ተቆርጦ ይሰፋልኝ አለች። ለዛሬ ማታ እንግዳ አለባት። ባለሱቋ ይሸሻል፣ ይሰበሰባል፣ ብላ በትዕግሥት አስረዳቻት። ሴትዮዋ ግን ለዛሬ ብቻ ይመር እንጂ ሌላው ሲደርስ ይታያል አለች።

“የኔ እመቤት” አለች እትዬ ሜትር፣ “ለአንድ ማታ እንግዳ ብለሽ ዓመቱን ሙሉ ቁርጭምጭሚቱ የሚታይ መጋረጃ ልትሰቅዪ ነው?”

ሰፊዎቹ ከማሽናቸው ሳይነሡ ሳቁ። ደንበኛዋም ራሷ ሳቀች፤ እሺ ይነከር ብላ ሄደች። ቆራጯ ብቻ አልሳቀችም። በሳሙና ያሰመረችው መስመር ላይ መቀሱን አሳርፋ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ይሁን የተጣመመ መለየት አቅቷት ቆመች። በዚህ ሱቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ለስንት ደንበኛ ነው “ጨርቅ አያስቸኩሉትም” ያለችው። የሰው መጋረጃ እንዳያጥር የሚጠነቀቅ እጅ የባሏን ደም በሞላበት ሰዓት አስለክቶ፣ ከዚያ ሲያጥር ሦስት ወር ሙሉ ቆሞ አየ። እትዬ ሜትር ምን ሆንሽ፣ ሰውየው ደህና አይደለም እንዴ ብላ ጠየቀቻት። ደህና ነው አለች። ይህን መልስ ለሁሉም ስለምትሰጥ ቃሉ አፏ ውስጥ ጣዕም ካጣ ቆይቷል። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ምግቧን ሳትከፍት መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሏ ቀድሟት ደርሶ አገኘችው፤ ከሸሚዙ ኪስ የድርጅቱ ደብዳቤ ጫፍ ይታያል። የዶክተሯ ክፍል ውስጥ አንዲት ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግማሽ ጎኑ ተከፍቶ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ራስ አለ። ዶክተሯ ከልጃቸው ብዙም አትበልጥም። የዛሬውን ወረቀትና ያለፈውን ጎን ለጎን ዘርግታ ደጋግማ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች። የዛሬው ውጤት በጣም ዝቅተኛ ነው። መድኃኒቱ በግማሽ መቀነሱ ብቻ ከዚያ ጣሪያ ላይ እዚህ ወለል ላይ ሊጥለው አይገባም ነበር።

“ከሁለቱ ወረቀቶች አንዱ ዋሽቷል” አለች። “የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ መጠኑን መለወጥም ደብዳቤ መጻፍም አልችልም። ግማሹን ዛሬ ይውሰዱና ከአሥራ አራት ቀን በኋላ እንደገና ደም እንይ።”

ሚስቲቱ ባሏን አየችው። ደብዳቤው ለነገ ነው የሚፈለገው፣ ይላል ብላ ጠበቀች። ሠላሳ ዓመት በገመድ የተንጠለጠለበትን ሥራ የሚወስድበት ነገር ፊቱ ተቀምጧል፤ አንድ ጊዜ እንኳ አይከራከርም? እሱ ግን ዐይኑን የፕላስቲኩ ራስ ላይ አድርጎ፣ “እሺ ዶክተር” አለ። በዚህ “እሺ” ውስጥ ቁጣ ቢኖርበት ትችለው ነበር። የነበረበት ትሕትና ነው፤ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ኮሪደር ውስጥ ፎጣ ይዞ እንደቆመ ሰው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ ሰማች።

“ወረቀቱ አይደለም የዋሸው” አለች። “እኔ ነኝ።”

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ በቅደም ተከተል፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታስረዳ። መርፌው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ማታ እንደተወጋ፣ ደሙ በሁለተኛው ቀን ጠዋት እንደተቀዳ፣ ነርሷ ስትጠይቅ ምን እንዳለች። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ረስታው ነበር? ቀኑ ተምታቶባት ነበር? ስትል ጠየቀቻት። ጥያቄዎቹ እንደ ተከፈተ በር ነበሩ፤ በአንዱ ብትወጣ ማንም አይከለክላትም። ለአፍታ አሰበችበትም።

“እንግዳ ነበረብን” አለች።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ማራገቢያ አንድ ዙር ዞረ። ዶክተሯ ወደ ባልየው ዞራ እርስዎስ ቀኑን አላወቁትም ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ፣ ያኔ በጣም ደክሞኝ ስለነበር ቀኑ ጠፍቶኝ ነበር አለ። ዶክተሯ ሁለቱንም አየቻቸው፤ ምናልባት ልትቆጣ የነበረውን ቁጣ ለየትኛው እንደምታደርገው አላወቀችም። “ሦስት ወር” ብቻ አለች፤ ከዚያ በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ሰርዛ በላዩ ጻፈች። መድኃኒቱ ወደ ሙሉ አምፑል ተመለሰ። ለድርጅቱም ድካሙ ከመድኃኒት ማነስ የመጣ እንደሆነ፣ ከጥቂት ሳምንት ክትትል በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል ተብሎ እንደሚጠበቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋ ማኅተም አደረገችበት። ሲወጡ ሚስቲቱን አስቀርታ፣ ሁለተኛ ቀኑ ከተዛባ ይንገሩኝ፣ ቀን መዛባት ችግር የለውም፣ ካወቅነው፣ አለቻት። ምክሩ ለስላሳ ነበር። ብትሰድባት ይቀላት ነበር።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። አንዲት ልጅ እግር ሴት ከመቀመጫዋ ተነሥታ “አባባ፣ ይቀመጡ” አለችው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ተቀመጠና የሚስቱን ቦርሳ ተቀብሎ ጭኑ ላይ አደረገው፤ ያልተከፈተው የምሳ ዕቃ ክብደት ሳይሰማው አልቀረም፣ ቀና ብሎ አያት፤ ግን አልጠየቃትም። ቤታቸው ደረሱ። ደረጃቸው አርባ ሁለት ነው። በሃያኛው ላይ ቆመ፤ እሷም ቁልፍ እንደጠፋባት ሁሉ ቦርሳዋን እየፈተሸች አብራው ቆመች።

ወንድሟ አዲሱን ጥርስ አስገጥሞ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ጥርሱ አፉን ገና ስላልለመደ ሰውየው ሳይፈልግ ፈገግ ያለ ይመስላል። የት ዋላችሁ፣ አማቻችንን ደግሞ ደረጃ ላይ ጥለሽው የመጣሽ መስሎኝ ነበር አለ። ከዚህ በፊት እንዲህ ሲል ለሁሉም እንዲቀልል ብላ ትስቅለት ነበር። አሁን አልሳቀችም። “ሐኪም ዘንድ ነበርን፣ ጋሼ” አለች፤ “መርፌውን ልወጋው ነው። ሲያልቅ እራት አቀርባለሁ።” ወንድሟ የምን መርፌ ሊል አፉን ከፈተ፤ ፊቷን ሲያይ መልሶ ዘጋው። አዲሱ ጥርስ ቀጭ ሲል ተሰማ።

መኝታ ቤት ገብተው እጇ ከልማድ ወደ ቁልፉ ሄደ። ባሏ ቀበቶውን እየፈታ፣ “ተይው፣ ገርበብ ይበል” አላት። ወደ ሬዲዮውም ስትዞር ያንንም ተይው አላት። አምፑሉን ከሣጥኑ አውጥታ በሁለት መዳፏ መካከል ያዘችው። ቀዝቃዛ ነበር። እሱ አልጋው ላይ በጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“ቀኑ አልጠፋብኝም ነበር” አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። “በየሊፍቱ ካርድ ላይ ቀን እየጻፍኩ ነው የኖርኩት፤ እኔ ቀን አይጠፋኝም። ስታሞቂው አሥራ ሁለተኛው እንደሆነ አውቅ ነበር። ለነርሷ ስትነግሪያትም ሰምቼሻለሁ።”

ታዲያ ለምን ዝም አልክ ልትል ፈለገች። ሳሎን ውስጥ ወንድሟ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ባሏ ጥያቄዋን የሰማ ይመስል መለሰ፤ ግድግዳውን እንዳየ፣ ያለ ወቀሳ፣ በቀላሉ።

“ሁለት ቀን በኔ ኮርተሽ ነበር። ያንን ልቀማሽ አልፈለግሁም።”

አምፑሉ ከሞቀ ቆይቷል። እሷ ግን መዳፏን አልከፈተችም።